መብራት በጠፋ ቁጥር የእናቴ ቤት ካሜራ ይቋረጥብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እማዬ ደሴ ብቻዋን ናት። አምና ወድቃ ጎረቤት እስኪደርስላት ሁለት ሰዓት ወለል ላይ ስለቆየች፣ አስፈቅጃት ሳሎን ውስጥ የዋይፋይ ካሜራ አስገጠምኩ። ማታ ከሥራ ስገባ እዚያ ይነጋል፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተክርስቲያን ስትወጣ ካየኋት እንቅልፍ ይወስደኛል።

ችግሩ መብራት ነው። ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሠራጨው ሳጥን) ይነሳል፣ ስልኳም ይሠራል፤ ካሜራው ግን ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ይቀራል። የጎረቤት ልጅ ከሶኬት ነቅሎ መልሶ ሲሰካው ወዲያው ይገናኛል። ካሜራው የሚቀበለው የ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ አዲሱ ራውተር ደግሞ 2.4ንም 5ንም በአንድ ስም ነው የሚያሠራጨው። ምክንያቱ ይሄ ይሆን? ወይስ ካሜራው ከራውተሩ ቀድሞ ስለሚነሳ ዋይፋዩን አጥቶት ነው?

ሁለቱን ሞገዶች በተለያየ ስም ባደርጋቸው ይሻላል ወይስ ለካሜራውና ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ልግዛ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሪሴት አድርጊው እንዳልላት ቁልፉ በመርፌ የሚነካ ነው፣ ዓይኗም ደክሟል። ከትናንት ጀምሮ አላየኋትም፤ በስልክ ግን “ደህና ነኝ” ብላኛለች።