የካሌንዱላ ዘይቴ ሻገተ፤ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

አደይ_ጓሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለደረቀ እጅና ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ የሚሆን የካሌንዱላ (ብርቱካናማ የጓሮ አበባ ነው) ዘይት ዘፍዝፌ ነበር። ስህተቱን እንድታገኙልኝ ያደረግሁትን በዝርዝር ልጻፍ። አበባውን ጠዋት ለቅሜ አጠብኩት፤ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አሰጣሁት። ዳር ዳሩ ሲኮማተር ግማሽ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ ሞላሁበትና እስኪሸፈን የኑግ ዘይት አፈሰስኩበት። ክዳኑን አጥብቄ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አኖርኩት። በ12ኛው ቀን ከላይ ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ ከሥሩ ደመና የመሰለ ነገር ተኝቷል፤ ክዳኑ ሲከፈት ይተነፍሳል፣ ሽታውም ይኮመጥጣል። ሻጋታውን ገፍፌ ዘይቱን ባፈላው ይድናል? ለሚቀጥለውስ ስንት ግራም አበባ ለስንት ዘይት? በፀሐይ ይሻላል በእሳት?

ሙጫና_ሰም፦

እህቴ፣ ይሄኛውን ድፊው። ዘይት ብቻውን አይሻግትም፤ የሻገተው ከአበባው የወጣው ውሃ ነው። ክዳኑ ሲከፈት መተንፈሱ ደግሞ ውስጡ መቡካት መጀመሩን ያሳያል። ብታፈይው ሻጋታው ይሞት ይሆናል፤ የለቀቀው ነገርና ሽታው ግን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ዘይት አይቀባም።

ካሌንዱላ ሲደርቅ ያሳስታል። ብርቱካናማው ቅጠል በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል፤ አረንጓዴው መቀመጫው ግን ወፍራም ስለሆነ ውሃ አምቆ ይቆያል። ቆርጠሽ እንዳትጥይው፤ ስትለቅሚ ጣትሽ ላይ የሚጣበቀው ሙጫ በብዛት ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ አበባውን ከነመቀመጫው አድርቂ፣ ጊዜ ስጪው። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ልቀሚ። አትጠቢው፤ አቧራ ወይም ነፍሳት ካለበት አራግፊው። ሰፌድ ወይም ወንፊት ላይ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ደርድሪና ጥላ ውስጥ አስጪው። በበጋ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። በክረምት አዲስ አበባ ላይ በአየር ብቻ ሲደርቅ አላይም፤ ምድጃውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርገሽ፣ በሩን ገርበብ ትተሽ መጨረስ ይሻላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ብዙ ባያልፍ ጥሩ ነው።

መድረቁን የምታውቂው በቅጠሉ አይደለም። መቀመጫውን በጥፍርሽ ስበሪው፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከታጠፈ አልደረቀም። ካልተማመንሽ ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ዘግተሽ አንድ ቀን አሳድሪው። የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ላብ ከታየ መልሰሽ አስጪው።

መጠኑን በሚዛን ያዢ፣ በዓይን አይሆንም። 40 ግራም ደረቅ አበባ ለ400 ግራም ዘይት (435 ሚሊ ሊትር አካባቢ) ለዕለት ተዕለት ቅባት ይበቃል። ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ አበባውን በእጅሽ ሰባብረሽ 80 ግራም አድርጊው። ዱቄት ግን እንዳታደርጊው፤ በጨርቅ ያልፍና ለሳምንታት ሲዘቅጥ ይኖራል።

እኔ የምመርጠው በእሳት ነው። ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፊ፣ ብልቃጡን አስቀምጪ፣ ውሃውን እስከ ብልቃጡ ግማሽ ድረስ ሙዪ። የዘይቱ ሙቀት ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ሆኖ 4 ሰዓት ይቆይ። ውሃው መፍላት የለበትም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ እንኳ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እዚያ ከደረሰ አበባው ይጠበሳል፤ ዘይቱ ቡናማ ይሆንና የጥብስ ሽታ ያመጣል። የብልቃጡን አፍ በክዳን ሳይሆን በስስ ጨርቅ ሸፍኚ፣ የቀረች እርጥበት ካለች እንድትወጣ። የድስቱንም ክዳን አትግጠሚ፤ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ብልቃጡ ውስጥ ይወድቃል። እሳቱን አጥፍተሽ አሳድሪውና በማግስቱ አንዴ ድገሚው።

በፀሐይም ይሠራል፣ አበባው በትክክል ከደረቀ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ብልቃጡን በካኪ ወረቀት ጠቅልይው፤ የሚፈለገው ሙቀቱ እንጂ ብርሃኑ አይደለም፣ ብርሃን ዘይት ያበላሻል። በየቀኑ ነቅንቂው፣ አበባው ከዘይቱ በላይ እንዳይቀር።

ደጋ_ዘይት፦

በዚህ ላይ የዘይቱን ነገር ልጨምር። ኑግ ለወጥ የምወደው ዘይት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይመችም። ከቅባቱ 70 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ ደግሞ አየርና ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ የሚከረፋ ነው። አራት ሰዓት ሞቆ፣ ተጠልሎ፣ ሦስት ወር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ መሽተት ይጀምራል። የራሱ ሽታና ቀለምም ከባድ ስለሆነ የካሌንዱላውን ወርቃማ ቀለም መለየት አይቻልም። ተራው የሱፍ ዘይትም በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

የወይራ ዘይት ይሻላል፤ አብዛኛው ቅባቱ ኦሌይክ አሲድ ስለሆነ ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ነው የሚዋሃደው። ወደ 1 ዓመት ያህል ያቆያል። ሁለተኛ ምርጫዬ ያልተቆላ ሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሰሊጥ የራሱ የሆነ መከላከያ ስላለው ከኑግ የበለጠ ይቆያል። ኮኮናት ዘይት የሚረጋው ከ24 ዲግሪ በታች ነው፤ ደጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ድርቅ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ በፀሐይ ዘዴ አይሞከርም።

አንድ የስም ጥንቃቄ አለ። «የለውዝ ዘይት» ተብሎ ሲሸጥላችሁ የትኛው ለውዝ እንደሆነ ጠይቁ። በእኛ አነጋገር ኦቾሎኒውም ለውዝ ነው፣ በውጭ አገር የመዋቢያ መደብር የሚሸጠው አልሞንዱም ለውዝ ነው። የኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቫይታሚን ኢ ጨምሩበት የሚባለውም ትክክል ነው፣ ለ100 ግራም ዘይት ከግማሽ እስከ 1 ግራም። የሚያዘገየው ግን መክረፋትን ብቻ ነው። ሻጋታን አይከለክልም፤ እርጥብ አበባን በቫይታሚን ኢ ማዳን አይቻልም።

አደይ_ጓሮ፦

በጣም አመሰግናለሁ። መቀመጫውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከአበባ መሸጫ የተገዛ ቀይ ጽጌረዳ ቢጨመር ቀለምና ሽታ ይሰጣል? ጥቂት ጤና አዳምስ አብሮ ቢዘፈዘፍ?

ሙጫና_ሰም፦

ጤና አዳምን ተይው። ቡና ውስጥ ጣል ማድረግና ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ቆዳ ላይ መቀባት አንድ አይደለም። ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ እንደ ቃጠሎ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ለወራት ጠቁሮ ይቆያል።

የአበባ መሸጫውንም ጽጌረዳ አትጠቀሚ። ተቆርጦ ለመሸጥ የሚመረተው ጽጌረዳ ለሰው ቆዳ ታስቦ አይደለም የሚለማው፤ ፀረ ተባይና ፀረ ፈንገስ ይረጫል፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በዘይት የሚሟሙ ናቸው። ሽታውን ፈልገሽ ስትዘፈዝፊ መድኃኒቱን ታወጪያለሽ። ሽታውም ቢሆን ብዙ የለውም፤ ዝርያው የተመረጠው ቶሎ እንዳይጠወልግ ነው።

ቀለም ላልሽው፣ ከየትኛውም ጽጌረዳ ቀይ ዘይት አታገኚም። የጽጌረዳ ቀይ ቀለም በውሃ የሚሟሟ ነው፣ ዘይት ውስጥ አይገባም። የካሌንዱላ ብርቱካናማ ግን የካሮት ዓይነት ቀለም ነው፣ ዘይት ይወደዋል። ካሞሚልም (ለሻይ የሚሆነው ትንሽ ነጭ አበባ) እንዲሁ ያሳስታል፤ ሰማያዊ ዘይት ጠብቀው ቢጫ ሲሆንባቸው አበላሸን የሚሉ አሉ። ሰማያዊው የሚፈጠረው አበባው በእንፋሎት ሲጣራ ነው፣ በመዘፍዘፍ አይመጣም።

ጓሮ_ጽጌ፦

ጽጌረዳ ከተፈለገ መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ የጓሮ ጽጌረዳ ይፈለግ። አሠራሩ ከካሌንዱላ ተቃራኒ ነው፤ ጽጌረዳ ጭርሱን ሲደርቅ ሽታውም አብሮ ይሄዳል። ጠዋት ከተለቀመው ላይ የአበባውን ቅጠል ብቻ ለይቶ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ማጠውለግ፣ ዘይት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማስመጥ፣ ለ24 ሰዓት ሞቅ ያለ ቦታ ማኖር፣ ማጥለል፣ በዚያው ዘይት ላይ አዲስ የጠወለገ ቅጠል መጨመር። ይህን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ደጋግሙት። ከ24 ሰዓት በላይ አንዱን ዙር አታቆዩ፣ መቡካት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጠምበለልም በዚሁ መንገድ ነው።

እርጥበት መግባቱ አይቀርም። የመጨረሻውን አጥልላችሁ ረጅምና ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ቀን ሳትነኩ አሳድሩ። ውሃው ከሥር ድብልብል ጠብታ ሆኖ ይታያል። ላይ ላዩን ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የታችኛውን አንድ ጣት ያህል ትታችሁ። ከዚያ የተቀዳውን ያለ ክዳን በ50 ዲግሪ አንድ ሰዓት ማቆየት። ለማረጋገጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ብረት ላይ አሙቁ፤ ከተንጫጫ ውሃ አለበት። እንዲህ የተሠራ የጽጌረዳ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በ3 ወር ውስጥም ይለቅ።

ካሌንዱላም ሲጠለል ይኸው ሥርዓት ይሠራል። መጀመሪያ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ በራሱ ይንጠባጠብ፣ ማታ ተሰቅሎ ይደር። ተጨምቆ የሚወጣውን ለብቻው ያዙት፤ ዝቃጭ የሚበዛው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ድሬ_ሙቀት፦

ስለ ቅባቱ ልጠይቅ። ዘይቱን በሰም አረጋዋለሁ፣ 1 እጅ ሰም ለ5 እጅ ዘይት። ድሬዳዋ ላይ ቆርቆሮው ውስጥ ይላላል፣ ቦርሳ ውስጥም ይፈስሳል። ሰሙንም ከጧፍ ነው የምወስደው።

ደጋ_ዘይት፦

1 ለ5 ለደጋ ልክ ነው፣ ለቆላ ይቀጥናል። 25 ግራም ሰም ለ75 ግራም ዘይት አድርገው፣ ማለትም 1 ለ3። ሁሉንም ከማፍሰስህ በፊት ጥቂቱን ማንኪያ ላይ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አስገባ፤ ከረጋ በኋላ አውጥተህ ቤቱ ሙቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ተወውና በጣትህ ሞክረው። ከላላ ሰም ጨምር፣ ከጠነከረ ዘይት።

ጧፍና ሻማ ግን ተው። ፓራፊን የተቀላቀለበት ብዙ ነው፤ ክሩና ማቅለሚያውም አለ። ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች ሰፈፍ ግዛ፣ ርካሽም ነው። በብዙ ውሃ ውስጥ አቅልጠው፣ በጨርቅ አጥልለውና በዚያው ውሃ ላይ ይርጋ። ሰሙ ከላይ ክብ ሆኖ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ቆሻሻ በቢላ ፍቀው። ሽታው እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገም፣ መጨረሻ ላይ ሰሙን በደንብ አድርቀው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰሙን ለብቻው በውሃ ድስት አቅልጥ፣ ዘይቱን ለብ አድርገህ ጨምር። ዘይቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙ ወዲያው ይቋጠራል። በቀጥታ እሳት ላይ ሰም አይቀለጥም፣ ሊቀጣጠል ይችላል።

ክሊኒክ_ጎን፦

ስለ አጠቃቀሙ ሦስት ነገር። ካሌንዱላና ካሞሚል ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሚያሳክከው ሰው ሌላውም ሊያሳክከው ይችላል፤ መጀመሪያ ክንድ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብቶ 48 ሰዓት ይጠብቅ። ሁለተኛ፣ የደማ ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል፣ ትኩስ ቃጠሎ፣ ዓይን ላይ አይቀባ። ኤግዚማ ላለበት ሕፃን ደግሞ የወይራ ዘይት አልመክርም፣ የቆዳውን መከላከያ ሊያዳክም ይችላል። ሦስተኛ፣ ለምግብ ብላችሁ እርጥብ አበባ፣ በሶብላ ወይም ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ አኑራችሁ መደርደሪያ ላይ አትተዉ። አየር የሌለበት ዘይት ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቻል፤ መርዙ አይሸትም፣ ቀለምም አይለውጥም። ለምግብ ከሆነ በትንሹ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ቢበዛ ለ4 ቀን።

አደይ_ጓሮ፦

አመሰግናለሁ። አዲሱን 40 ለ400 በወይራ ዘይት እጀምራለሁ። ችግኝ ሻጩ ካሌንዱላ ብሎ የሸጠው ነው፤ ሌላ አበባ ሊሆን ይችል ይሆን?

ሙጫና_ሰም፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ታጌቴስን (ካሌንዱላን የሚመስል ሌላ አበባ ነው) ካሌንዱላ ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው። ቅጠሉን ተመልከቺ። የካሌንዱላ ቅጠል ያልተከፋፈለ፣ ሞላላ፣ ጸጉራምና ትንሽ የሚጣበቅ ነው። የታጌቴስ ቅጠል እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ሲታሽ ሽታው ይወጋል። ዘሩም ይለያል፤ የካሌንዱላ እንደ ጥፍር የተቆለመመ ነው፣ የታጌቴስ ቀጥ ያለ ቀጭን መርፌ ይመስላል። ታጌቴስ ከሆነ አትዘፍዝፊው፤ እንደ ጤና አዳም ከፀሐይ ጋር ቆዳ ያቃጥላል።

ያጠለልሽበትን ጨርቅም ጨብጠሽ ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪ፣ በተለይ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት የነካውን። እንዲህ ያለ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ሲቀመጥ በራሱ እየሞቀ ሄዶ ሊቀጣጠል ይችላል። በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥበሽ ዘርግተሽ አስጪው።