እናቴ ለምን ፎቶ ትደብቃለች? በ69 እና በ70 የነበራችሁ እስቲ ንገሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የተወለድኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለ ቀይ ሽብር የማውቀው መስቀል አደባባይ ያለውን ሙዚየም አንዴ ከትምህርት ቤት ጋር ሄጄ ያየሁትን ያህል ነው።

2011 ሰኔ 15 ማታ የባሕር ዳሩና የአዲስ አበባው ግድያ የተሰማ ጊዜ እናቴ ያደረገችው ነገር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ከዛ ቤት ያለውን ጀሪካን ሁሉ ውሃ ሞላች። ከዛ ደግሞ አልበም አውጥታ የወንድሜን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየነቀለች በላስቲክ ጠቅልላ በርበሬ ዕቃው ውስጥ ቀበረቻቸው። ወንድሜ እኮ ፖለቲካ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሱቅ ነው ያለው! "እማ ምን ሆነሻል?" ስላት "ዝም በል" አለችኝ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ "አላልኩህም?" አለች። ምንም አላለችኝም ነበር።

በ69 የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዛ ጊዜ ስጠይቃት መልሷ ሁሌም "እሱን ተወው" ነው። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር አይደለም የምፈልገው። ቤት ውስጥ ምን ይመስል ነበር? እገሌ ተገደለ ሲባል እንዴት ነበር የምትሰሙት? ውሃውና ፎቶውስ ምንድነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦

ሬዲዮ ነበር። ሌላ ምን አለ። የወታደር ማርሽ ሙዚቃ ከተከፈተ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እናቴ ማርሹ ሲጀምር በጣቷ ትቆጥረን ነበር። 5 ነን። አንዱ ከጎደለ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ነው የምትወጣው።

የመጀመሪያው ትዝታዬ የ60ዎቹ ባለሥልጣናት ግድያ ነው፣ ኅዳር 1967። ቅዳሜ ሌሊት ረሽነዋቸው እሁድ ጠዋት ስም ዝርዝራቸው ተነበበ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ጄኔራል አማን... አባቴ መጀመሪያ ሹመት መስሎት ነበር። እውነቴን ነው። ያን ያህል ስም በአንድ ጊዜ የሚነበበው ለሹመት ነዋ። ያ ሁሉ "ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም" ሲባል ከርሞ ማን ይጠረጥራል። ገባው መሰለኝ፣ ሲኒውን አስቀመጠና ሬዲዮኑ ላይ ጆሮውን ለጠፈ። ሬዲዮን በጆሮ ለጥፎ መስማት ከዛን ቀን ጀምሮ ልማዱ ሆኖ ቀረ። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የሚሰማው እንደዛ ነበር። ሲሞት ራሱ ሬዲዮኑ ትራሱ ሥር ነበር።

ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀመንበር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና እነ ሻምበል ዓለማየሁ፣ እነ ሻምበል ሞገስ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተገደሉ ዕለት እኛ ያለነው እዛው አፍንጫው ሥር ነው። ተኩስ ሰምተናል የሚሉ የሰፈር ሰዎች አሉ። እኔ አልሰማሁም፣ ኳስ ስንጫወት ነበር። ማርሹን ነው የሰማሁት።

ሚያዝያ 9 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰባበረ ቀን አባቴ ሰልፉ ላይ ነበር፣ ቀበሌ ስም እየጠራ ነበር የሚወስዳቸው። ቤት ሲገባ ጫማውን አላወለቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ "ከዛሬ ጀምሮ ከ12 ሰዓት በኋላ ማንም ከበር እንዳይወጣ" አለ። ታላቅ ወንድማችን ሳቀ። አባቴ መቶት አያውቅም፣ ያን ቀን መታው።

ወለላ፦

ልጄ፣ የውሃውን ልንገርህ። አሰሳ ነው። መጋቢት 69 ቤት ለቤት ፍተሻ ሲወጣ ከቤት መውጣት ክልክል ነበር፣ ለቀናት። ውሃ ያልቀዳ አለቀለት። እናትህ ጀሪካን የምትሞላው ለዛ ነው።

ፎቶው ደግሞ እንዲህ ነው። ፈታሾቹ ሲገቡ የሚፈልጉት መሣሪያና ወረቀት ነበር፣ ግን ግድግዳም ያያሉ። ሦስት ልጆች ተቃቅፈው የተነሱት ፎቶ ካለ "ይሄ ማነው? ይሄኛውስ? ቤቱ የት ነው?" ይመጣል። ከአንድ ፎቶ ሦስት ቤት ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ሽንት ቤት፣ ፎቶው ምድጃ። እናቴ ማቃጠል አልሆነላትም። ዱቄት ውስጥ ደበቀች፣ እነሱ ደግሞ ዱቄቱን ወለል ላይ ዘረገፉት። ደግነቱ ፎቶው ጀርባውን ሰጥቶ ወደቀ። ያንተ እናት ከኛ ቤት ትሻላለች፣ በርበሬ ውስጥ ማን እጁን ይከታል።

ከዛ በኋላ እናቴ መቀስ አነሳች። እኔና ወንድሜ ለፋሲካ የተነሳነው ፎቶ ነበር፣ እሱን ቆርጣ አወጣችው። ግን እጁ ትከሻዬ ላይ ስለነበር እጁን መቁረጥ እኔን መቁረጥ ሆነባትና ተወችው። አሁንም አለ። ነጭ ቀሚስ ለብሼ ቆሜ፣ ትከሻዬ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ።

ወንድሜን በዛው ሚያዝያ ወሰዱት። 17 ዓመቱ ነበር። ሬሳውን አልሰጡንም፣ ማልቀስም አይቻልም። እንደ ሰኔ አካባቢ አንድ ጎረቤታችን አረፉ፣ የ80 ዓመት ሽማግሌ፣ በሕመም። በሕይወታቸው ከሰው የማይገጥሙ ሰው ነበሩ ነፍሳቸውን ይማርና። የሰፈሩ እናቶች ለቅሶው ላይ ግልብጥ ብለው ወጡ። ደረት ተመታ፣ ፊት ተነጨ። "ልጄን፣ ለጋዬን፣ ሳልድረው!" ይባላል፣ እሳቸው 9 ልጅ የወለዱ ናቸው። ጥበቃዎቹ በር ላይ ቆመው ነበር። ምን ብለው ይከልክሉ?

ሳንቲም፦

እኛ ክፍል ስም የሚጠሩት አስተማሪ ነበሩ፣ በየቀኑ፣ በቀይ እስክሪፕቶ። የሆነ ጊዜ ላይ መጥራት ተዉ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። ጠዋት ስንመጣ መንገድ ላይ የተጣለ ሬሳ፣ ደረቱ ላይ "ቀይ ሽብር ይፋፋም" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ አልፈን ነው የምንገባው፣ ከዛ ጂኦግራፊ እንማራለን። የአክስቴን ልጅ ሬሳ ለማውጣት የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ ተብለው ከፍለዋል። ይሄን ስነግራቸው ልጆቼ የማጋንን ይመስላቸዋል።

ታዛቢ፦

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ማን ጀመረው የሚለውን ዘሎ ማለፍ ታሪክ ማድበስበስ ነው። መስከረም 1969 መንግሥቱ ላይ ተተኮሰ፣ ወዲያው ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ከተማ ውስጥ ሰው እየጠበቁ መግደል የጀመረው ደርግን የሚቃወመው ፓርቲ ኢሕአፓ ነው። ነጭ ሽብር የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦

60ዎቹን በ67 የረሸነው ማነው ታዲያ? ያውም ያለ ፍርድ። ልጁ እኮ ይሄ ይቅርብኝ ብሎ ነው የጠየቀው ወንድሜ።

ገብረ ጉንዳን፦

ዝም ልል ነበር። ታዛቢ ያልከው ነገር ግን ልቤን ነካው፣ ደግፈኸኝ ሳይሆን እንደ እኔ ያለውን ሰው መከራከሪያ ስለምታደርጉት ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቁም ጽሕፈቱ ጥሩ ነው ተብሎ ቀበሌ ውስጥ ተመረጠ። እንቢ ማለት ይቻል ነበር? አላውቅም። በ69 ኅዳር፣ ሲመሻሽ፣ ሁለት ልጆች ሱቁ በር ላይ መጡ። አንዱ "ጋሼ እንዴት አመሹ" አለው። አባቴ ብድግ ብሎ "ደህና፣ ግቡ" አለ። እኔ ሥር ሆኜ ቁልፍ እየለቀምኩ ነበር። ከዛ ወዲያ ያለውን ተዉት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው የወደቀው። ልጆቹ ማን እንደላካቸው አልተናገሩም፣ እኔም እስከዛሬ አላውቅም።

እኛ እንደነ ወለላ አልቅሱ ወይ አታልቅሱ አልተባልንም። ባንዲራ ለብሶ፣ መፈክር ተፈክሮለት ተቀበረ። እናቴ ጩኸት ስትጀምር አንዱ ካድሬ ክንዷን ይዞ "ንግግር አለ እኮ" አላት። ያን ሌሊት "ደሙን እንመልሳለን" ተብሎ ከሰፈራችን 4 ልጆች ተወሰዱ። አንደኛው ብስክሌት ያስተማረኝ ልጅ ነበር። አልተመለሰም። እናቱ በማግስቱ እኛ ቤት ለቅሶ መድረስ ነበረባት፣ መጣች። ቁጭ አለች። ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ከዛ በኋላ 14 ዓመት ጎን ለጎን ኖረን ሰላምታ አልነበረንም።

ታኅሣሥ 1999 መንግሥቱ በሌለበት ጥፋተኛ ሲባል ሴትየዋ ቤት ሰው ተሰበሰበ። እናቴ እንጀራ ጭና ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፣ ሰፌዱን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ሙዚየሙ ሲከፈት ሄጄ ያን ልጅ ስል ፎቶዎቹን ዞርኩ። አባቴን አልፈለግኩም። እዛ እንደማይኖር አውቃለሁ።

ታዛቢ፦

ይቅርታ ወንድሜ። ነፍስ ይማር።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር፣ ሽንኩርቷን እየላጠች ዝም ብላ ሰማች። የወለላ ዱቄት ጋ ስደርስ "ዱቄት ይደረጋል እንዴ!" ብላ ሳቀች። ስለ ልብስ ሰፊው ሳነብ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች።

በርበሬ ውስጥ መደበቅን ከማን እንደተማረች ጠየቅኳት። "ከእናቴ" አለች። የማን ፎቶ ነበር ስላት እንደ ልማዷ "እሱን ተወው" አለች። ቆይታ ቆይታ ግን፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "እስከዛሬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል" አለችኝ። ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። የት እንዳለ አልጠየቅኳትም።