የተከለለው ተራራ ላይ ያለው ባህር ዛፍ ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

የተሁለደሬው፦
ሰላም ጀመዓ። ከኛ መንደር በላይ ያለው ተራራ ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በደርግ ጊዜ በእህል ለሥራ እርከን የተሠራበት፣ ባህር ዛፍና ጥድ የተተከለበት ነው። አሁን ከንክኪ ነፃ ነው። ሣሩን በየዓመቱ አጭደን እንካፈላለን፣ በእሱ ጠብ የለም። ጠቡ ባህር ዛፉ ላይ ነው። ወጣቶቹ አጣናውን እንሽጥ፣ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንዱ ከተነካ ሁሉም ምሳሩን ይዞ ይወጣል ባይ ናቸው። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ኮምቦልቻ፦
ሽማግሌዎቹ የፈሩት 1983ን ነው። ደርግ ሲወድቅ ስንት ተራራ ተመነጠረ! ግን ለምን እንደተመነጠረም ጠይቋቸው። ጉድጓዱን የቆፈረው ገበሬው፣ ችግኙን የተሸከመው ገበሬው፣ ከዚያ በኋላ ግን ጭራሮ ለቅሞ ሲገኝ የሚቀጣውም እሱ። የመንግሥት ዛፍ ነው ብሎ ያየው ነበር፣ መንግሥት ሲሄድ ወረደበት። ስለዚህ «አትንኩ» ብቻውን ደን አይጠብቅም።

ቦረና ሳይንት፦
ባህር ዛፍና የጥንት ደን አታምታቱ እንጂ። እኛ ጋ ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ያለበት። ፓርክ ሆኖ ግጦሽ ጠበበን ብሎ የሚያማርር አለ፣ እውነትም አለው። ቢሆንም ኮሶና ወይራ ቆርጠህ በዕድሜህ አትተካውም። ባህር ዛፍ ግን ሰብል ነው። እንዲያውም ጓሮው ባህር ዛፍ ያለው ሰው ጫካ አይገባም።

ሕግ ተማሪ፦
የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ብሎ ያውቃል። መጀመሪያ ይዞታው በማን ስም እንደሆነ ወረዳ ጠይቁ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ አውጡ፣ ተራራውን ከፋፍላችሁ በየተራ ቁረጡ፣ ጥዱን ተዉት።

እማ ደሴ፦
ልጆቼ፣ ሣር ተካፈልን የምትሉት ከብት ያለው ነው የሚጠቀመው። ከብትም መሬትም የሌለው ወጣት ከተራራው ምን አገኘ? ማገዶ የምትሸከመዋ ሴትስ? አጣናው ሲሸጥ ቅርንጫፉን ለእሷ ተዉላት፣ ያኔ ሌባ ስታይ እሷው ትጮህላችኋለች።

የተሁለደሬው፦
እማ፣ እኛስ ሣሩን የምናካፍለው በከብት ቁጥር አይደለም፣ በቤት ነው። ከብት የሌለው ድርሻውን ይሸጣል። የአጣናውን ገንዘብም በቤት እናድርገው ብል ወጣቶቹ እሺ ይሉኛል ትላላችሁ?

ኮምቦልቻ፦
አይሉህም 😀 ቆራጩና ጫኚው እነሱ ናቸዋ። መጀመሪያ የጉልበታቸውን ቁረጥላቸው፣ የቀረውን በቤት።