ራውተሩ አፕዴት ላይ እያለ መብራት ጠፋብኝ

ሰላም ወገኖች፣ ደብረ ብርሃን ትንሽ የኢንተርኔት ቤት አለችኝ። ትናንት ማታ የማይክሮቲክ ራውተሬን ሲስተም ከራውተርኦኤስ 6 ወደ 7 ላሳድግ ፋይሉን ጫንኩና ሪቡት አልኩት። ገና ሳይነሳ መብራት ድርግም! የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ጥፋቱ የራሴው ነው።

አሁን የፓወሩ መብራት ይበራል፣ ራውተሩን ከኮምፒውተር በምናስተካክልበት ዊንቦክስ ላይ ግን አይታይም። ሲስተሙን በኬብል እንደ አዲስ የሚጭነውን ኔትኢንስቶልንም ሞከርኩ፤ ለላፕቶፑ 192.168.88.2 አይፒ ሰጥቼ፣ ፋየርዎሉንና ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ ኬብሉን አንደኛው ፖርት ላይ ሰክቼ፣ በዚህ ብርድ ጣቴ እስኪደነዝዝ ሪሴቱን ይዤ ጠበቅኩ። ኔትኢንስቶል ላይ ራውተሩ መውጣት ያለበት ዝርዝር ባዶ ነው። ሪሴቱን የምለቀው ያለ ጊዜው ይሆን? ወይስ ራውተሩን የሚያስነሳው ራውተርቡት ራሱ ተበላሽቶ?

የኮንፊገሬሽኑ ባካፕ ፍላሽ ላይ አለኝ። የደንበኞቹ ስምና ፓስወርድ ግን ዩዘር ማናጀር ውስጥ ነው፤ እሱን ለብቻው ባካፕ አላደረግኩም። ኔትኢንስቶል ዲስኩን ፎርማት ሳያደርግብኝ ይህን መረጃ ማውጫ መንገድ የምታውቁ፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ፤ ደንበኞቼ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን አላሳረፉትም።