ኒውትሮፊል 1,300 ወጣብኝ፤ በሽታ የመከላከል አቅሜ ተዳክሟል ማለት ነው?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው፤ ሕፃናት መዋያ ውስጥ እሠራለሁ። ለዓመታዊ ምርመራ ደም ሰጥቼ ነጭ የደም ሴል 3,400፣ ከዚያ ውስጥ ኒውትሮፊል 1,300 ተብሎ በቀይ ተጽፎ መጣ። ሐኪሟ ብዙም ሳታብራራልኝ ወደ ደም ስፔሻሊስት ላከችኝ። ቀጠሮው ገና ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ምንም አያመኝም፤ ግን የደም ካንሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልጆቹ ሲያስሉ እንኳ እፈራለሁ። ኒውትሮፊል ምንድን ነው? ሥራዬን ላቁም?

የላብራቶሪ ባለሙያ (አዲስ አበባ)፦
አይዞሽ እህቴ። ነጭ የደም ሴል አንድ ዓይነት አይደለም። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኒውትሮፊል ይበዛል። ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ሲገባ ቀድሞ ደርሶ የሚውጠው እሱ ነው። ቁስል ላይ የምናየው መግል ባብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ነው። ደም ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስለማይቆይ የአጥንት መቅኒ ቀን ከሌት ያመርታል፤ ቁጥሩም ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል።

ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ ሌላ ሥራ አላቸው። ቢ ሴል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ቲ ሴል በቫይረስ የተያዘውን ሴል ይገድላል፣ ሌሎቹንም ያስተባብራል። አንዴ የገጠማቸውን ስለማይረሱ ነው ክትባት የሚሠራው። የልጆቹ ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ እሱን በዋናነት የሚመክቱት እነዚህ ናቸው።

ሌሎቹ ቁጥሮችሽ ስንት ናቸው? መቅኒ ሲታመም ብዙ ጊዜ አንዱ ሴል ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ጠያቂ፦
ሊምፎሳይት 1,700፣ ሄሞግሎቢን 13.2፣ ፕሌትሌት 240,000።

አንዲት እናት (አዳማ)፦
የኔ እህት፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጊና ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ውሰጂ። እኛ ቤት ሁሌም እንደዚያ ነው።

ነርስ (ሐይፋ፣ እስራኤል)፦
እናታችን፣ ማሩ ለጉሮሮ ደግ ነው፤ ይህን ቁጥር ግን ከፍ አያደርገውም። ምናልባትም ከፍ ማለት የማያስፈልገው ቁጥር ነው።

እህቴ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ጋ ይህ ነገር የተለመደ ነው። እዚህም ከኢትዮጵያና ከየመን በመጡ ቤተሰቦች ላይ በተደጋጋሚ ይታያል። ቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቫይቫክስ የተባለው ወባ ወደ ሴሉ የሚገባበት ዋና በር ነው። ብዙ አፍሪካውያን ይህ በር ቀይ ሴላቸው ላይ የለም። በሩን የሚያጠፋው በዘር የሚወረስ ለውጥ ደም ውስጥ የሚቆጠረውን ኒውትሮፊል ዝቅ እንደሚያደርግ በ2009 ታወቀ። መቅኒው በደንብ ያመርታል፤ ሰውዬውም ከሌላው ሰው በላይ በኢንፌክሽን አይጠቃም። በቀይ የሚያስጽፈው 1,500 የሚለው መለኪያ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተወሰደ ነው። ይህ ሁሌም ያናድደኛል፤ ስንት ጤነኛ ሰው በከንቱ ይጨነቃል!

ይህ ያንቺም ጉዳይ ነው ብዬ ግን ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። የድሮ የደም ምርመራ ውጤት አለሽ?

አንድ ወንድም (ዳላስ)፦
እኔም ከ3 ዓመት በፊት በዚሁ አልፌያለሁ። ስፔሻሊስቱን "የዳፊ ምርመራ ይታዘዝልኝ" በዪው፤ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ ፋይልሽ ላይ ይጻፍ። አንዳንድ መድኃኒት ኒውትሮፊል አነሰ ተብሎ ሊከለከል ወይም ሊቋረጥ ይችላልና።

የምትወስጂውንም መድኃኒት ሁሉ ንገሪው። የእንቅርት መድኃኒት፣ ከአገር ቤት የሚመጣው የሕመም ማስታገሻ ኖቫልጂንም ቁጥሩን ሊጥሉት ይችላሉ። የቢ12 እጥረትም እንዲሁ። ትኩሳት 38 ካለፈ፣ አፍሽ ውስጥ ቁስል ከወጣ፣ ያለምክንያት ከከሳሽ ቀጠሮውን አትጠብቂ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
እስማማለሁ። የነገርሽን ሌሎቹ ቁጥሮች ደህና ናቸው። ኒውትሮፊልም ከባድ የሚባለው ከ500 ሲወርድ ነው። በ1,300 ሥራ አይቆምም፤ እጅሽን ታጠቢ፣ ክትባትሽን ጨርሺ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከ7 ዓመት በፊት ለጉዞ ስመረመር የተሰጠኝን ወረቀት ሻንጣ ውስጥ አገኘሁት። ኒውትሮፊል 1,400 ይላል! ለስፔሻሊስቱ ይዤለት እሄዳለሁ። ልጄስ? 4 ዓመቱ ነው፤ እሱም ይመርመር?

ነርስ (ሐይፋ)፦
ቁጥሩ የሚያንሰው ለውጡ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። አባቱም ካለው ልጁም ሊኖረው ይችላል። ደህና ከሆነ አሁን መርፌ አያስፈልገውም። ያንቺ ውጤት ሲረጋገጥ ለሕፃናት ሐኪሙ ንገሪው፤ አንድ ቀን ደሙ ሲታይ እንዳይደነግጡ።