ስለ ፍቅረኛ ጥቃት ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት እናውራ?

የመንዟ፦
ሰላም ናችሁ። መሐል ሜዳ 11ኛ ክፍል ነኝ። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን ቤት ተከራይተን ነው የምንማረው፣ አርብ እንሄዳለን እሁድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ደባሌ ፍቅረኛ አላት። መጀመሪያ ስልኳን እየተቀበለ ያይ ነበር፣ ቀጥሎ የቴሌግራም ፓስወርዷን ወሰደ፣ ከዛ ከወንድ ጋር አታጥኚ አላት፣ አሁን ከኔ ጋር ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳን ደውላ ታሳውቀዋለች። ባለፈው ክንዷ ጠቁሮ አየሁና ምን ሆነሽ ስላት «ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው» አለችኝ። ልተውህ ስትለው ደግሞ «ለአባትሽ እነግረዋለሁ» ይላታል፣ ቤተሰቦቿ አያውቁማ፣ ካወቁ ከትምህርት አስቀርተው ይድሩኛል ብላ ነው የምትፈራው።

እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር፣ ልብ ብዬ ሳይ ክፍላችን ውስጥ ሌሎችም አሉ። የሴቶች ክበባችን ስለ ያለእድሜ ጋብቻና ስለ ጠለፋ ያስተምራል፣ ስለዚህኛው ግን ትንፍሽ የሚል የለም። አንድ መምህር ጠይቀን «ስለ ፍቅረኛ ካወራችሁ ፍቅር ጀምሩ እንዳላችሁ ነው የሚቆጠረው» አሉን። አምስት ሆነን አንድ ነገር ማድረግ እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር በናታችሁ?

ብርዳሟ_ከተማ፦
እኔ ደብረ ብርሃን ስማር ሚኒ ሚዲያ ላይ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት አጭር ታሪክ እናነብና «ይሄ ፍቅር ነው ቁጥጥር?» ብለን እንጠይቃለን፣ መልስ አንሰጥም። ክፍል ሲገቡ እርስ በርስ ይከራከራሉ፣ ስብከት ቢሆን ማንም አይሰማንም ነበር። «ከማን ጋር እንደሆንሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪ» የሚለውን ያነበብን ቀን ግማሹ ክፍል ምን ችግር አለው ሲል ግማሹ ሲጮህ ነበር የዋለው።

ግን አንድ ያጠፋነውን ልንገራችሁ። ስም ቀይረን የአንዲትን ልጅ እውነተኛ ታሪክ አነበብን፣ ልጆቹ አወቋት፣ ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት አልመጣችም። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ የሆነ ነገር በፍጹም አታንብቡ፣ የደባልሽንም ጭምር!

መምህር_ዘደብረሲና፦
መምህሩ የፈሩት ወላጅን ነው፣ እኔም ብሆን እፈራለሁ። የታወቀ ቀን ተጠቀሙ። የነጭ ሪቫን ቀን ህዳር 16 አካባቢ ይውላል፣ በጾታዊ ጥቃት ላይ የሚደረገው ዘመቻም እስከ ታህሳስ መግቢያ 16 ቀን ይቆያል፣ ያኔ የሰልፍ ሰዓት ላይ አስር ደቂቃ ብትጠይቁ የሚከለክል ርዕሰ መምህር ያለ አይመስለኝም። ርዕሱን «መከባበር» በሉት።

ከዚያ ይህን ጠይቋቸው። በ2008 ዓ.ም. የተሰራው የአገሪቱ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን መምታቱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ እያለ። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ልክ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ ግን 63 በመቶ ናቸው። ቁጥሩን ከመናገራችሁ በፊት ገምቱ በሏቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ሞክሬው ማንም ሴቶቹ ይበልጣሉ ብሎ አልገመተም፣ ስነግራቸው ዝም አሉ። «ስለሚወደኝ ነው» የሚለው ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባቸዋል።

የሮቢት_ልጅ፦
መምህር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «መከባበር» ካላችሁት ወንዶቹ ስለ ታላቅና ታናሽ መስሏቸው ነው የሚሄዱት። ስሙን ጥሩት፣ የፍቅረኛ ጥቃት።

እኔ የሴት ጓደኛዬን ስልክ ስፈትሽ የነበርኩ ልጅ ነኝ፣ መትቻት አላውቅም ግን ስትፈራኝ አይቻለሁ። ጥቃት መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ ጓደኞቼ እንደውም ጎበዝ ነበር የሚሉኝ። ታላቅ እህቴ ናት አንድ ቀን «የኔ ባል እንዲህ ቢያደርገኝ ዝም ትለዋለህ?» ብላ የጠየቀችኝ፣ መልስ አጣሁ። ለሴቶች ብቻ አታውሩ። ኳስ ከሚጫወቱት ውስጥ ሁለት ወንድ ያዙ፣ ወንድ ለወንድ ሲናገር ነው ሼም የሚይዘን።

እማማ_ነርስ፦
ልጄ፣ ዝግጅቱ ይድረስ፣ እኔን ያሳሰበችኝ ግን ደባልሽ ናት። ልጁን እንዳትጋፈጡት፣ ንዴቱን የሚወጣው በሷ ላይ ነው። ተለዪው ብለሽም አትጨቅጭቂያት፣ አንቺንም ትደብቅሻለች። ሁልጊዜ አብረሻት ሁኚ። መያዣ ያደረገው ምስጢሯን ነው፣ አባቷ ከሱ ሳይሆን ከሌላ ሰው ቢሰሙ መያዣው ያልቃል። እሷ ከተስማማች አባቷ የሚሰሟት አክስት ወይ የንስሐ አባት ፈልጉ። ልዳርሽ ቢሏት እንኳን በቤተሰብ ህጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ አይፈቀድም፣ ሴቶችና ህጻናት ጉዳይ ሄዳችሁ ተናገሩ።

ደግሞ ይሄን ለሁሉም ልጆች ንገሯቸው፦ የተደፈረች ልጅ ሳትታጠብ ልብሷንም ሳታጥብ ቶሎ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ትምጣ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሰራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። አፍረው ቆይተው ሲመጡ እጃችን ታስሮ እንቀራለን።

የመንዟ፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ አለቀስኩ። ማታ ለደባሌ መልሳችሁን አነበብኩላት፣ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «አክስቴ ትሻላለች» አለችኝ። አክስቷ በገበያ ቀን ትመጣለች፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ለዝግጅቱ ደግሞ ሁለት ወንዶች አግኝተናል፣ አንዱ የቡድኑ በረኛ ነው። ርዕሱ ላይ ገና አልተስማማንም።