ሬንጀር ቀለም ያለው የሱፍ ኮፍያ ባህር ዳር የት ይገኛል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በጀልባ ወደ ዘጌ ይሄዳል። የጣና ንፋስ ጆሮውን ፈጀው። ዝንጉርጉር፣ ሬንጀር የሚመስል የሱፍ ኮፍያ አምጪልኝ ብሎኛል። ሰልባጅ ይሻላል ወይስ አዲስ?

የሽምብጥ ልጅ፦ አዲስ እንዳትገዢ! አምና «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብለው 600 ብር ተቀበሉኝ። ገና ሳጥበው አረንጓዴው ሳፋው ውስጥ ቀረ። በላብ ደግሞ ግንባሬ ላይ መስመር ሠራ። ልመልስ ብሄድ «የታጠበ አንቀበልም» አሉኝ።

ጣና ዳር፦ የቱ ሱቅ ነው? እኛም እንጠንቀቅ።

የሽምብጥ ልጅ፦ ስም አልጠራም። ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ቡና ጠጪ፦ እኔም የገዛሁት ጫማ በወሩ ሶሉ ተገነጠለ። ጎበዝ ጫማ ሰፊ የምታውቁ?

ቀበሌ 14፦ በባህር ዳር ሙቀት የሱፍ ኮፍያ? ጓንትም ጨምሪለት እንጂ!

ጠያቂ፦ ሌሊት ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?

ልብስ ሰፊ፦ እህቴ፣ እኔ ልንገርሽ። ከውስጥ በኩል አንድ ክር መዘዝ አድርጊና በክብሪት ለኩሺው። ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ደርቆ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ሱፍ ቢረጥብም ይሞቃል፤ ለጀልባ ሰው ከእሱ የሚሻል የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ከብረት ቆባቸው ሥር የሱፍ ሹራብ ኮፍያ ያጠልቁ ነበር። እሱም አንድ ወጥ ቀለም እንጂ ዝንጉርጉር አልነበረም። ስታጥቢው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳታሺ። በሙቅ ካሸሽው ተኮማትሮ የሕፃን ኮፍያ ይሆናል።

ጣና ዳር፦ እኔ ከሰልባጅ ደንበኛዬ ውጭ አልገዛም። 8 ዓመቴ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ክሩን ለኩሰህ አይተሃል?

ጣና ዳር፦ ለምን እለኩሳለሁ? እሷ ሱፍ ነው ካለች ሱፍ ነው።

የድሮ ወታደር፦ ልጄ፣ ቀለሙን ተዪው። የሠራዊት ልብስ ያለ ፈቃድ መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። ኮፍያው የገበያ ቢሆንም በጨለማ፣ ፍተሻ ላይ፣ ማን ይለይለታል? እኛ ያንን ልብስ የለበስነው ቃል ገብተን ነው፤ ለጌጥ ሲውል ያመኛል። ቡናማ ግዢለት።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ግን ሬንጀሩን ነው የፈለገው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ብቻ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጊው። እኔ ያላደረግኩት እሱን ነው።

ጣና ዳር፦ ጠያቂ፣ ምን ገዛሽ?

ቡና ጠጪ፦ ጫማ ሰፊስ?